ስለ ውሸት የጻፈው ሰው ማን ነው?

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት ነው። የሎጂክ መምህራችን ስለ ዴካርት እያስተማረን ሳለ መሃል ላይ ቆም አለና «የእኛም ሰው ነበረን እኮ» አለን። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ዘርዓ ያዕቆብ» ብሎ ጻፈ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ፣ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም የአይሁዱንም ሃይማኖት በራሱ ልቦና የመረመረ ኢትዮጵያዊ። ዴካርት እዚያ ፈረንጅ አገር ሲጠራጠር የእኛው ሰው እዚህ ይጠራጠር ነበር ማለት ነው። ደረቴ ተነፋ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘርዓ ያዕቆብን የማልጠቅስበት ቦታ አልነበረም። ዶርም ውስጥ ክርክር ሲነሳ፣ ፌስቡክ ላይ አንዱ ሰባኪ ሲያናድደኝ፣ ቡና ላይ፣ በየቦታው። አንድ ትንሽ ችግር ብቻ ነበረብኝ፦ መጽሐፉን አላነበብኩትም።

አንድ ማታ የዶርም ጓደኛዬ አልጋው ላይ እንደተጋደመ «እሱን መጽሐፍ እኮ አንድ ጣሊያን ቄስ ነው የጻፈው ይባላል» አለኝ። ብድግ አልኩ። «የቅኝ ገዥ ወሬ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «ማስረጃህ ምንድነው?» አለኝ። ማስረጃ አልነበረኝም። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኩት።

መጽሐፉን በመጨረሻ ቁጭ ብዬ ሳነበው ካገኘኋቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር፦ ሰዎች በትልቁ ጉዳይ ላይ፣ በእግዚአብሔር ነገር ላይ ሳይቀር፣ ለምን ይዋሻሉ? መልሱም ባጭሩ፦ መመርመር ድካም ስለሆነ፤ የሰሙትን ማመን ስለሚቀልና ስለሚጠቅም። ይህን ሳነብ ያ የዶርም ማታ ትዝ አለኝ። ስለ ሰዎች ሳይመረምሩ ማመን የተጻፈ መጽሐፍ፣ እኔ ሳልመረምር ያመንኩበት መጽሐፍ ነበር።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መጽሐፍ፣ ስለ ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ ነው። ከሃይማኖት ይልቅ ግን ስለ ጥቅም ይበልጣል። ንጉሡ ምን ፈለገ? ፈላስፋው ምን ፈለገ? ሚሲዮናዊው ምን ፈለገ? እኛስ ምን ፈልገን ነው እንዲህ የምንከራከረው?

የሃይማኖት ገበያ

መጀመሪያ ዘመኑን እንይ። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ሱስንዮስ በ1607 ዙፋን ላይ ሲወጣ አገሩ የረጋ አልነበረም። የግራኝ ጦርነት ጠባሳ አልጠፋም፤ ንጉሥ የሚያነግሡና የሚያወርዱ መኳንንት በየአቅጣጫው አሉ። ከስልሳ ዓመት በላይ ወደኋላ፣ በ1541፣ አራት መቶ የሚሆኑ ፖርቱጋሎች ጠመንጃ ይዘው ገብተው ለክርስቲያኑ መንግሥት እንደተዋጉ አልተረሳም። ጠመንጃ የያዘ ወዳጅ ምን ማለት እንደሆነ ሱስንዮስ በደንብ ያውቃል።

በ1603 ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ኢየሱሳዊ ካህን አገሩ ገብቶ ነበር። ብልህ ሰው ነው። ግዕዝም አማርኛም ተማረ፤ መኳንንቱን በጨዋታና በትዕግሥት ቀረባቸው። ሱስንዮስ ወደ ሮማው ጳጳስና ወደ ስፔንና ፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ሲጽፍ ከጠየቃቸው ነገሮች ዋናው ወታደር ነበር። ወታደሩ አልመጣም። ሃይማኖቱ ግን መጣ። በ1622 ሱስንዮስ ካቶሊክ መሆኑን በይፋ አወጀ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። በ1625 አፎንሶ ሜንዴዝ የሚባል ፓትርያርክ ደረሰ፤ በ1626 ንጉሡ ደንቀዝ ላይ ተንበርክኮ ለሮማው ጳጳስ የታዛዥነት መሐላ ፈጸመ።

ሜንዴዝ እንደ ፓኤዝ ታጋሽ አልነበረም። የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ ተባለ። ግርዘትና የቅዳሜ ሰንበት ተከለከለ። እስቲ ራሳችሁን በአንድ ባላገር ቦታ አስቀምጡ፦ አያትህ የተጠመቀበት ጥምቀት ጥምቀት አልነበረም፣ አባትህን የፈታው ቄስ ቄስ አልነበረም ስትባል። አመፁ ከዚያም በፊት ጀምሮ ነበር፤ በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ራሳቸው ከአማፂው ከዮልዮስ ጋር ሆነው ተገድለዋል። በመጨረሻ በ1632 ከላስታ ከመጣው ጦር ጋር ታላቅ ውጊያ ሆነ። ንጉሡ አሸነፈ፤ ሜዳው ላይ የወደቁት ሺዎች ግን አረመኔም ባዕድም አልነበሩም፤ የገዛ ወገኖቹ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

እዚህ ጋ «ንጉሡ ሃይማኖቱን በጠመንጃ ለወጠ» ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን አንድ ነገር አይገጥምም። ወታደሩ እንደማይመጣ ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል። አዲሱ ሃይማኖት ሰላሙን፣ ዘመዶቹን፣ በመጨረሻም ዙፋኑን አስከፍሎታል። ጥቅም ብቻ ቢሆን ኖሮ ከኪሳራው በጊዜ በወጣ ነበር። እሱ ግን አገሩን ለቀቀው እንጂ በግሉ እምነቱን አልተወም፤ ካቶሊክ እንደሆነ ሞተ።

በጥቅም የጀመረ ነገር ወደ እምነት ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። ሌላው ደግሞ በእምነት ይጀምርና በጥቅም ይጨርሳል። ከንጉሡ ጋር አብረው ከተለወጡት መኳንንት መካከል አዋጁ በወጣ ማግስት የተመለሱት ብዙ ናቸው። እነሱ ሲሾሙ ካቶሊክ፣ ሲሻሩ ኦርቶዶክስ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የገባቸው ሰዎች። የሰው ልብ ውስጥ ጥቅምና እምነት እንደ ጤፍና እንክርዳድ ተቀላቅለው ነው የሚገኙት፤ ባለቤቱ ራሱ ለይቶ አይጨርሳቸውም።

ዋሻው

ሐተታው ተወለድኩ የሚለው በዚህ ዘመን ነው። ተራኪው ዘርዓ ያዕቆብ፣ በቅጽል ስሙ ወርቄ፣ የአክሱም አካባቢ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜውን ተምሮ አክሱም ላይ መምህር ሆነ። ጉባኤው ላይ መጽሐፍ ሲተረጉም «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፤ ግብጻውያን ደግሞ እንዲህ ይላሉ» እያለ የሁለቱንም ያስቀምጣል እንጂ «ይሄኛው ትክክል፣ ያኛው ስህተት» አይልም። (ግብጻውያን ሲል ጳጳሳቸውን ከእስክንድርያ የሚያመጡትን ኦርቶዶክሶቹን ማለቱ ነው።) ውጤቱን መገመት አያቅታችሁም፤ ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። መሃል የቆመ ሰው ከሁለት በኩል ነው የሚመታው።

ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአክሱም ካህን «ሕዝቡን በፈረንጆች ላይ ያነሳሳል» ብሎ ለንጉሡ ከሰሰው። ዘርዓ ያዕቆብ ያለችውን ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ጠፋ። ወርቁን መያዙን ሳይደብቅ መናገሩ ደስ ይለኛል። ቅዱሳን በገድላቸው ባዶ እጃቸውን ነው በረሃ የሚወርዱት፤ እሱ ግን መብላት እንዳለበት አልረሳም። ተከዜ አካባቢ ገደል ስር ዋሻ አገኘ፤ ሱስንዮስ እስኪሞት ድረስ ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ኖረ።

ዋሻው ውስጥ ያሰበውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ሰዎች ሁሉ «የእኔ ሃይማኖት ብቻ እውነት ነው» ይላሉ፤ ሁሉም ደግሞ የሚያስረዱት በራሳቸው መጽሐፍ ነው። ታዲያ ዳኛው ማን ይሁን? ከሳሽ ራሱ ዳኛ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ፈጣሪ ለሁሉም ሰው የሰጠው ልቦና ይዳኝ። በዚህ ሚዛን የሙሴን ሕግ ይመዝናል፦ ለመውለድ የተሰጠ የሴት ተፈጥሮ እንዴት ርኩስ ይባላል? የመነኮሳትን ይመዝናል፦ ጋብቻን የሠራ ፈጣሪ ካገባችሁ አትጸድቁም ይላል? የእስልምናን ይመዝናል፦ ወንድና ሴት በቁጥር ተቀራርቦ የሚወለድ ከሆነ ለአንዱ አራት ሚስት ሲፈቀድ ለሌላው ማን ቀረለት? ባርነትን ይመዝናል፦ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ከሆነ እንዴት እንደ ከብት ይሸጣል? ጾሙንም አልማረውም፤ የምግብ ዓይነትና የቀን ቁጥር የሰው ሥርዓት እንጂ የፈጣሪ ትእዛዝ አይደለም ባይ ነው።

ልብ በሉ፣ ፈጣሪን አልካደም። ዳዊቱን ዕለት ዕለት ይደግማል፤ ያለቅሳል፤ ይለምናል። እኛ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የምናውቀው ዓይነት «ሁሉም ውሸት ነው» ባይ አይደለም። የሚጠራጠረው በእግዚአብሔር ስም የሚናገረውን ሰው ነው።

ሰው ለምን ይዋሻል የሚለው ጥያቄ የሚነሳውም እዚህ ነው። ሁለት ዓይነት ሰው ያሳየናል። አንደኛው ተናጋሪው ነው፤ ሀብትና ክብር ፈልጎ «እግዚአብሔር ልኮኛል» ይላል። ሁለተኛው አድማጩ ነው፤ ላለመድከም ብሎ ይቀበላል። እኛ ብዙ ጊዜ የምንኮንነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሐሰተኛውን ነቢይ፣ ገንዘብ ሰብሳቢውን አጥማቂ። ገበያ ግን ያለ ገዢ አይቆምም። ገዢው ደግሞ የሚያገኘው ነገር አለ፤ ከማሰብ ድካም ይገላገላል፤ ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ ይኖራል፤ ልጁ ሲያገባ ሰርገኛ፣ ሲሞት ቀባሪ አያጣም። የአድማጩ ጥቅም ከተናጋሪው የሚያንስ አይደለም።

ፋሲለደስ ነግሦ የካቶሊኮቹ ቀን ሲጨልም ዘርዓ ያዕቆብ ደስ ይለዋል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልሆነም። ትናንት የተሳደዱት ዛሬ ሲያሳድዱ አይቶ አዘነ፤ በቀሉን ከነእጥፉ እንደመለሱት ይናገራል። ተበዳይ መሆን ሰውን ጻድቅ አያደርገውም፤ ተራውን እስኪያገኝ ድረስ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ክርስቲያን መስሎ መኖር

ከዋሻው ወጥቶ እንፍራንዝ ገባ። ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት መዝሙረ ዳዊት እየጻፈ፣ ልጆቹን እያስተማረ በእጁ ሥራ ኖረ። ሂሩት የምትባለውን የቤቱን ገረድ ሊያገባ ሲጠይቅ፣ ባለጸጋው ከእንግዲህ ያንተ ገረድ ትሁን ዓይነት ነገር ተናገረ። ዘርዓ ያዕቆብ እምቢ አለ፤ ገረድ ሳይሆን ሚስት ነው የምፈልገው፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። ቆንጆ እንዳልነበረች ሳይሸፋፍን ይነግረናል፤ ጠባየ መልካም፣ ብልህና ታጋሽ እንደነበረችም እንደዚያው። ሥነ ምግባሩን የማምንለት ከዋሻው ሐሳብ ይልቅ እዚህ ጋ ነው። ስለ ሰው ልጅ እኩልነት በዋሻ ውስጥ ማሰብ ቀላል ነው፤ ዋሻ ውስጥ ገረድ የለችም። ፈተናው ባለጸጋው ፊት ቆሞ፣ እንጀራ በሚሰጥህ ሰው ቤት «እኩል ናት» ማለት ነው።

ግን ይኸው ሰው አንድ ሌላ ነገር ይናዘዛል። ከሰው ጋር ሲኖር ክርስቲያን መስሎ ነው የኖረው። በልቡ የሚያምነው ሌላ፣ ጎረቤቶቹ የሚያዩት ሌላ። ምክንያቱንም ይሰጣል፦ ሰዎቹ ቢነግራቸው አይገባቸውም፤ ያሳድዱታል እንጂ። ሐተታውን የጻፈው በስልሳ ስምንት ዓመቱ፣ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ለምኖት ነው ይላል መጽሐፉ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ቅር አለኝ። ስለ ውሸት እንዲህ የጻፈ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አስመስሎ ኖረ? ታዲያ ከከሳሹ ከወልደ ዮሐንስ በምን ተሻለ?

ቆይቶ ግን አንድ ልዩነት ታየኝ። ሁለቱም ጭምብል ለብሰዋል እንበል፤ አንዱ ጭምብሉን የለበሰው ሌላ ሰው ለማስያዝ ነው፤ ሌላው ላለመያዝ። አንዱ ከማስመሰሉ ሹመት ያገኛል፤ ሌላው ያገኘው ሌሊት በሰላም መተኛትን ነው። ሁለቱም ጥቅም ነው፤ ለራስ ማሰብ ነው። ግን ለራስ ማሰብ ሁሉ አንድ አይደለም። ሚዛኑ «ጥቅሜን ፈልጌ ነበር ወይ?» የሚለው ሳይሆን «የጥቅሜን ዋጋ ማን ከፈለው?» የሚለው ይመስለኛል።

አባ ጁስቶ

አሁን ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ እንምጣ።

ሐተታው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተጻፈ ቢባልም ዓለም የሰማው በ19ኛው ነው። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካፑቺን ሚሲዮናዊ በ1846 ወደ እኛ አገር መጣ፤ ለዓመታትም በጌምድር ኖረ። ግዕዝ ተማረ፤ ከደብተራዎቹ ጋር ዋለ። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ምሁር የኢትዮጵያ ብራናዎችን ይሰበስብ ስለነበር አባ ጁስቶ ይፈልግለት፣ ያስገለብጥለት ነበር። በ1850ዎቹ መጀመሪያ አንድ ያልተለመደ መጽሐፍ እንዳገኘ ጻፈለት፤ ቅጂውንም ላከ። ቀጥሎ ከወልደ ሕይወት ሐተታ ጋር የተጣመረ ሌላ ቅጂ ደረሰ። አጼ ቴዎድሮስ ሲነግሡ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ተባረሩ፤ አባ ጁስቶ በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። ሁለቱ ቅጂዎች ዛሬ ፓሪስ፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ሩሲያዊው ቦሪስ ቱራዬቭና ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን አሳተሙት፤ አድናቆትም አገኘ። በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ትልቁ የጣሊያን ኢትዮጵያ አጥኚ «ይህን የጻፈው ራሱ አባ ጁስቶ ነው» ብሎ ተነሳ። በ1934 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ደገፈው። ለብዙ ጊዜ የፈረንጅ ምሁራን ነገሩን የተዘጋ መዝገብ አደረጉት። ከኛ ወገን ዓለማየሁ ሞገስ ተሟገቱ። በ1970ዎቹ ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ብዙ ዓመት ደክሞ መጽሐፉ የእውነት የዘርዓ ያዕቆብ ነው ሲል ደመደመ። በ2013 ፈረንሳዊቷ አናይስ ዊዮን እንደገና ገልብጣ የአባ ጁስቶ ሥራ ነው አለች። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በፊት ተጠራጥረው፣ በኋላ መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ነው ወደሚለው አዘነበሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

የሁለቱን ወገን ጭብጥ ያለ ጩኸት ላስቀምጥ።

የአባ ጁስቶ ነው የሚሉት፦ ሁለቱም ቅጂዎች የመጡት በአንድ ሰው እጅ ነው፤ በየገዳሙ ከሱ ነፃ የሆነ ጥንታዊ ቅጂ ተገኝቶ ክርክሩን አልዘጋውም። ሐሳቡ፣ ፈጣሪን በልቦና ብቻ ማወቅ፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጸሐፊዎች ጋር ይመሳሰላል። የአባ ጁስቶ የልደት ስሙ ያኮፖ ነበር፤ ያዕቆብ ማለት ነው። ተክለ ሃይማኖት የተባሉ አንድ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ መነኩሴም ደራሲው አባ ጁስቶ እንደሆነ መስክረዋል።

የዘርዓ ያዕቆብ ነው የሚሉት፦ ግዕዙ ከዳዊትና ከቅኔ ቤት የበቀለ ግዕዝ ነው፤ አንድ የውጭ ሰው በጥቂት ዓመት ትምህርት እንዲህ ይጽፋል ማለት ይከብዳል። የአባ ጁስቶ ደብዳቤዎች አጻጻፍና የሐተታው አጻጻፍ አይመሳሰሉም። ምስክርነቱ ከብዙ ዓመት በኋላ በአፍ የተወራ ነው። ስሙ ያዕቆብ የሆነ ሰው ደግሞ አገር ሙሉ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁለቱም ወገን በላይ ያስገርመኛል። የዘርዓ ያዕቆብ ከሆነ፣ ስለ ውሸት የጻፈው ሰው ክርስቲያን መስሎ የኖረ ሰው ነው። የአባ ጁስቶ ከሆነ ደግሞ፣ ሌላውን ሊያሳምን ተልኮ በራሱ ልብ ውስጥ ጥያቄ የተሸከመ፣ የሚያስበውን በሌላ ሰው አፍ የተናገረ መነኩሴ ነው። የቱንም ብትመርጡ ደራሲው ጭምብል ለብሷል። ሰዎች ለምን እንደሚዋሹ እንዲህ አጥርቶ ለማየት ምናልባት ውስጡ ሆኖ ማየት ያስፈልግ ይሆናል።

የማን ጥቅም?

ያን ማታ ጓደኛዬ ላይ ስጮህ የያዝኩት ዋና መሣሪያ «የቅኝ ገዥ ወሬ ነው» የሚል ነበር። ከመሬት ተነስቶ የተባለም አይደለም። ኮንቲ ሮሲኒ በወጣትነቱ ኤርትራ ውስጥ በጣሊያን አስተዳደር ያገለገለ ሰው ነው። በ1935፣ ሙሶሎኒ ሊወረን በተዘጋጀበት ወቅት፣ ኢትዮጵያ በራሷ መሠልጠን አትችልም የሚል ጽሑፍ አሳትሟል። እንዲህ የሚያስብ ሰው «ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ነበረ» የሚል መጽሐፍ ቢጎረብጠው አይገርምም። ጥቅም ነበረው።

ግን ከዚያስ? እዚህ ላይ የሎጂክ መምህራችን ያስተማረንን ረስቼ ነበር። የተናጋሪው ጥቅም ነገሩን እንድንመረምር ያነቃናል እንጂ ነገሩን ሐሰት አያደርገውም። ሌባ «እሳት ተነሳ!» ብሎ ቢጮህ ዕቃ ለመስረቅ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱም ሊኖር ይችላል። ሄዶ ማየት ነው። የዊዮንን ክርክር ደግሞ በሙሶሎኒ ዘመን መልስ መስጠት አይቻልም።

ከዚያ ደግሞ ሚዛኑን ወደ ራሴ ላዙረው። እኔስ ጥቅም አልነበረኝም? ነበረኝ እንጂ! «እኛም ዴካርት ነበረን» ማለት በፈረንጅ ፊት ቀና ያደርጋል። ሃይማኖተኛ ዘመዶቼ ፊት ደግሞ «መጠራጠር ከውጭ የመጣ አይደለም፣ የአባቶቻችን ነው» እንድል ፈቃድ ይሰጠኛል። ዘርዓ ያዕቆብን የፈለግሁት ለእውነቱ ሳይሆን ለምስክርነቱ ነበር። ሌሎች ደግሞ መጽሐፉ የጣሊያን እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱም ከሆነ፣ «ጥርጣሬ ባዕድ ነው፣ የሚሲዮን ዘር ነው» ብለው ሊገላገሉት ይችላሉ። ሁለታችንም መጽሐፉን ሳንከፍት መልሱን እናውቃለን። ወልደ ዮሐንስ ስሙን ቀይሮ በየኪሳችን ነው ያለው።

ሰምነርን እዩት። ኢየሱሳዊ ነበር፤ ማለትም በሐተታው ዘመን አገሩን ያመሱት የፓኤዝና የሜንዴዝ ማኅበር አባል። ይህ መጽሐፍ የገዛ ማኅበሩን ሥራ የሚኮንን ነው። በጥቅም ብቻ ቢሄድ ኖሮ እንደ ፈጠራ ትቶት ቢያልፍ ይሻለው ነበር። ድምዳሜው ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ሰው ግን ወደ ማይጠቅመው አቅጣጫ ሲመረምር ማየት ብርቅ ነው።

ደግሞስ ጥርጣሬ በዚህ አገር እንዲኖር ሐተታው የግድ ያስፈልገናል? በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት ነበሩ። ለንጉሥ መስገድን፣ በንጉሡ አዋጅ ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል መስገድን እምቢ አሉ። ተገረፉ፣ አካላቸው ጎደለ፣ ተገደሉ፤ እምቢታቸው ግን ንጉሡንም ዘመኑንም አልፎ ሄደ። ያሳደዳቸው ንጉሥ ስም ማን መሰላችሁ? ዘርዓ ያዕቆብ። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው፣ ብዙ መጻሕፍት የጻፈውና ያስጻፈው፣ በጣዖት አምልኮ ተከሰሱ ብሎ የገዛ ልጆቹን እስከ ሞት ያስቀጣው ንጉሥ። እነዚያ መነኮሳት የሃይማኖት ጠላቶች አልነበሩም፤ ከንጉሡ የበለጠ ሃይማኖተኞች ነበሩ እንጂ። ጌታቸው ኃይሌ ታሪካቸውን «በሕግ አምላክ» በሚል መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሰውልናል። ይህ ሐተታው የማን እንደሆነ አያረጋግጥም። አንድ ነገር ግን ያስረዳል፦ በዚህ አገር ሥልጣንን በሕሊና ስም «አይሆንም» ለማለት የግድ ጣሊያን አያስፈልግም ነበር።

እኔ ዛሬ የቱ ጋ ነኝ ብትሉኝ፣ መሃል ነኝ። መሃል የቆመ ከሁለት በኩል እንደሚመታ ዘርዓ ያዕቆብ ነግሮኛል፤ ወይም አባ ጁስቶ። አንድ ጥንታዊ ብራና ከአንዱ ገዳም ዕቃ ቤት ነገ ቢገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ባይገኝ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች አይተንኑም። ሴት ርኩስ ናት ወይ? ሰው ይሸጣል ወይ? ከሳሽ ዳኛ ይሆናል ወይ? የጥያቄው ጠያቂ ማንም ይሁን መልሱ ከእኛ ነው የሚጠበቀው።

ጾም

ጓደኛዬን በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ምን ሆነህ ነው ያን ያህል የተናደድከው ግን?» አለኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፦ የነካው መጽሐፉን ሳይሆን ተደግፌ የቆምኩበትን ዱላ ስለነበር ነው።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ስለ ሌሎች ጥቅም ይህን ያህል ከጻፍኩ በኋላ እሱን መደበቅ ይከብዳል። ስለ ጾም ሐተታው የሚለውን ካነበብኩ ዓመታት አልፈዋል፤ አብዛኛውንም እስማማበታለሁ። ሁዳዴ ሲመጣ ግን እጾማለሁ። ሰፈር ስሄድ ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙኝ እሳለማለሁ። ለምን? ፈርቼ ነው? ማንም አያሳድደኝም፤ ተከዜም አልወርድም። ለምጄ ነው? ወይስ እናቴ ሽሮውን ሠርታ ስታቀርብ አብሬያት መብላት ስለምወድ ነው? ይሄን መውደድ ምን ልበለው፤ ፍቅር ነው ወይስ ለራሴ ሰላም ማሰብ? የሱስንዮስን ልብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመዝጋት ቸኩዬ የነበርኩት ሰው የራሴን መለየት አቃተኝ።

አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፤ የማስመሰሌን ዋጋ ሌላ ሰው እንዳይከፍለው እጠነቀቃለሁ። የማይጾመውን አልኮንንም፤ የሚጾመውንም አልስቅበትም።

እናቴ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ትደውላለች። «እየጾምክ ነው አይደል ልጄ?» ትለኛለች።

«አዎ እማዬ» እላታለሁ። ውሸት አይደለም፤ እየጾምኩ ነው። ለምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልጠየቀችኝም።